የቡሄ ዋዜማ ልደት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ እግሩ አርፎ ስለማያውቅ ልጅና ስለ ልደቱ ነው።

ልጁን ሰፈሩ ሁሉ ማሙሽ ይለዋል። ቤታቸው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማሙሽ ደረጃ አይወርድም፤ በመደገፊያው ብረት ተንሸራቶ ምድር ይደርሳል። ሱቅ ሲላክ ይሮጣል፣ መልሱን ይዞ ሲመጣ ይሮጣል። ክረምት ሲገባ ግን ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ሜዳው ይጨቀያል፣ ያ ሁሉ ጉልበት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይታፈናል። እሱ ደግሞ የተወለደው በክረምቱ እምብርት፣ ነሐሴ 13፣ ልክ በቡሄ ዕለት።

ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል እናቱ «ዘንድሮስ ደመቅ አድርጌ ነው የማከብርለት» ብላ ደብተር አወጣች። የእንግዳው ዝርዝር አርባ ደረሰ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የዕቁብ ጓደኞች፣ የባሏ ዘመዶች፤ ልጆቹ ከገጹ ግርጌ። ከዚያ አዳራሽ፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ። ለማሙሽ ደግሞ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ።

እንዲህ ያለውን ልደት እናንተም ታውቁታላችሁ። ወንበሩ በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራል፣ ትልልቆቹ ይቀመጣሉ፣ ልጁ ፎቶ አንሺው እስኪበቃው ድረስ ከኬኩ ኋላ ይቆማል። መሮጥ ሲጀምር «ተው፣ ልብስህን!» ይባላል። በገዛ ልደቱ ቀን ከማንም በላይ የሚቆጡት እሱን ነው። እኔ ይሄ አንጀቴን ይበላኛል። ልጅ በዓመት አንድ ቀን እንኳ እንደ ተፈጥሮው ቢሆን ምን አለበት?

ደግነቱ በዚያ ሰሞን አያትየው ከደብረ ታቦር መጥተው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን አነበቡና «ልጄ፣ የልጁን ልደት በቡሄ የሰጠሽ እግዚአብሔር ድግሱንም አብሮ ሰጥቶሽ የለ?» አሏት።

«እንዴት አባባ?»

እሳቸውም ማሙሽን ጭናቸው ላይ ሊያስቀምጡት ሞክረው አልሆን ሲላቸው፣ በክፍሉ ውስጥ እየተሽከረከረ እንዲሰማ ትተውት ጀመሩ። ክርስቶስ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ታቦር ተራራ ወጣ። በዚያም ብርሃነ መለኮቱን ገለጠላቸው፣ የአብም ድምፅ ከደመና መጣ። በአካባቢው የነበሩ እረኞች ብርሃኑን ሲያዩ ገና ቀን መሰላቸውና ሳይገቡ ቀሩ። ወላጆች ልጆቻችን ምን ዋጣቸው ብለው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። አባቶች የሚነግሩን ይህንን ነው። ችቦው የዚያ ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸት የዚያ ድምፅ፣ ሙልሙሉም የዚያ ዳቦ መታሰቢያ ነው።

ማሙሽ መሽከርከሩን አቆመ። «ሲመሽ አልተቆጧቸውም?»

«ዳቦ ነው ያመጡላቸው» አሉ አያትየው።

እናትየው ያን ጊዜ ገጹን ገልብጣ አዲስ ጀመረች። ዕለቱ ልደቱ ራሱ ሳይሆን ዋዜማው፣ ነሐሴ 12 እንዲሆን ተስማሙ፤ ልጆች ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት፣ ችቦም የሚለኮሰው ያን ምሽት ነውና። የጨዋታው ሰዓት ከቀኑ 9 እስከ 11 ተኩል፤ ሆያ ሆዬውና ችቦው ከዚያ በኋላ። ጨዋታው ከዚህ በላይ መርዘም አያስፈልገውም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጨዋታ በኋላ ቢደክመውም ደከመኝ አይልም፣ ይጣላል እንጂ። እንግዳውም አሥራ ሁለት ልጅ ብቻ ሆነ። ትልልቆቹ ሊያዝኑባት ይችላሉ፤ እነሱን ለቡሄ ቡና ጠራቻቸው።

የምግቡ ነገር ሲነሳ ተጨነቀች። ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጾም። ፍልሰታን ደግሞ ሕፃናቱም ይጾሟታል። ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። ግን አስቡት፤ ከአሥራ ሁለቱ ልጆች አራቱ ሙስሊሞች ናቸው። ሥጋ ቢኖር ኖሮ የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ ይመጣና ሁለት ገበታ መዘርጋት ግድ ይሆን ነበር። ጾሙ አንድ ገበታ አደረጋቸው። የምስር ሳምቡሳ፣ ፈንዲሻ፣ ቆሎ በኦቾሎኒ፣ ሙዝና ብርቱካን፣ ከኬክ ቤት የታዘዘ የጾም ኬክ። አያትየው ሙልሙሉን ራሳቸው አቡክተው በምጣድ ጋገሩት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ፣ ቤቱ ይዞት የሚሄደው።

«ከረሜላ ግን አይገባም፤ ስኳር ከቀመሰ ያብዳል» አለች እናትየው። ይህን የማይል ወላጅ የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁቨርና ሚሊች የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ልጄን ስኳር ያቅበጠብጠዋል የሚሉ እናቶችን ከነወንድ ልጆቻቸው ጠሩ። ልጆቹ ከ5 እስከ 7 ዓመት፣ የማሙሽ እኩዮች። ሁሉም የጠጡት ስኳር የሌለበት መጠጥ ነው። ግማሾቹ እናቶች ግን ልጅሽ ብዙ ስኳር ጠጥቷል ተባሉ። እነዚያ እናቶች ልጃቸውን ይበልጥ ሲቅበጠበጥ አየነው አሉ። አጠገቡ ሆነው ይከታተሉት፣ ደጋግመውም ያርሙት ነበር። ስኳር ለጥርስ ጠንቅ ነው፣ ይቀነስ። ልጁን የሚያስሮጠው ግን ደስታው፣ ጓደኛው፣ ሜዳው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ያድርጉ ይላል። የማሙሽ ሩጫ ሰውነቱ የሚጠይቀው ነው።

ጨዋታውን አባትየው ተረከበ። የጤፍ ጆንያ ለዝላይ፣ ሎሚና ማንኪያ፣ ለጉተታ የሚሆን ገመድ። ዝናብ ቢጥልስ? የብሎኩን የጋራ ቤት ከኮሚቴው አስፈቀደ። አንድ ጥሩ ነገርም ዘየደ፤ ተሸንፎ የሚወጣ ልጅ እንዳይኖር። ልብ በሉ፣ በወንበር ጨዋታ መጀመሪያ የሚወጣው ቀልቡ የማይረጋው ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሲጫወት እሱ ተቀምጦ እንዲያይ ይደረጋል፣ መቀመጥ ደግሞ ለእሱ ቅጣት ነው። ስለዚህ ዘፈኑ በቆመ ቁጥር ወንበር ይነሳል፣ ልጅ ግን አይነሳም። በመጨረሻ ሁሉም በሦስት ወንበር ላይ ሲደራረቡ ሳቁ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሰማ። ከእያንዳንዱ የሩጫ ጨዋታ በኋላ ደግሞ ውኃ ይጠጣሉ፣ አያትየው አንድ እንቆቅልሽ ይጠይቃሉ፣ ትንፋሽ ይሰበሰባል።

ሻማው ግን ከጨዋታው ሁሉ በፊት ጠፍቶ፣ ኬኩም ያኔውኑ ተቆርሶ ነበር። ማሙሽ በሸራ ጫማና በቁምጣ ነበር።

ከዚያ ጅራፉ መጣ። አያትየው ከቃጫ ገምደውታል፤ እጀታው ጋ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ። መሬቱ ላይ በኖራ ሰፊ ክብ አሰመሩ። ክቡ ውስጥ የሚገባው አንድ ልጅ ብቻ፣ ሌላው አሥር እርምጃ ርቆ። ማሙሽ እጁን ከራሱ በላይ አዙሮ ወደ ፊት ላከው፣ ወዲያው ደግሞ መለሰው። ምንም። አያትየው ክንዱን ይዘው «ስትመልሰው ነው የሚጮኸው፣ አትቸኩል» አሉት። በሚቀጥለው ጧ! አለ፤ ብሎኮቹ መልሰው አስተጋቡት። ይህ ድምፅ ጅራፉ መሬት መትቶ የሚወጣ እንዳይመስላችሁ። ጫፉ አየር ላይ ከድምፅ ፍጥነት፣ በሴኮንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ ስለሚወነጨፍ ነው። ያን ሁሉ ቀን ሲቅበጠበጥ የዋለ ልጅ በዚያ ክብ ውስጥ ዓይኑን ከጅራፉ ጫፍ ሳይነቅል ቀጥ ብሎ ቆመ። ያላረፈው እሱ ሳይሆን ሥራ ያጣው እጁ ነበር ለካ።

ከሁለተኛ ፎቅ የመጣች አንዲት ልጅ «ለወንድ ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀች። አያትየው ጅራፉን ሰጧት። ከማሙሽ ቀድማ ተማረችው።

11 ሰዓት ላይ ያሰጋው ዝናብ አካፋ፣ ከዚያም ተወ። ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው በየደረጃው ሆያ ሆዬ ወጡ። ማሙሽ አውራጅ፣ ሌሎቹ ተቀባይ። ደረጃ መሮጥ ክልክል የነበረበት ልጅ በዚያ ምሽት ከምድር እስከ አራተኛ በሩን ሁሉ አንኳኳ፣ ሙልሙልና ሳንቲምም ሰበሰበ። ሲጨልም አባትየው ከሕንፃው ራቅ ብሎ ችቦውን ለኮሰ። እሳቱን የያዙት ትልልቆቹ ብቻ ነበሩ፤ በዚህ ነገር አያትየው ልመና አይሰሙም። ልጆቹ ከበው ጨፈሩ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ሙልሙሉን ታቅፎ ወደ ቤቱ ገባ።

እናትየው ከዕቃ አጠባው በኋላ ጋደም ስትል፣ ይሄስ አለቀ ብላ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ገና 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲቀሰቅሳት ነቃች። ማሙሽ ሸራ ጫማውን አስሮ፣ ኳሱን ታቅፎ አልጋዋ አጠገብ ቆሟል።

«እማዬ ተነሺ እንጂ! ልደቴ እኮ ዛሬ ነው።»