ጠጅ አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው ማር ነው

ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወዳጄ አንዲት ጠርሙስ ቀይ የወይን ጠጅ ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ሻጩ አገር ለቆ የሚሄድ የውጭ ሰው ነው። ወዳጄ ጠርሙሷን ወደ መብራት አስጠግቶ አያት፤ ወይኑ ከአንገቷ በታች አለመጉደሉን፣ ቡሹ አለመድረቁን፣ ወረቀቷ ላይ የሰፈረውን ስምና ዓመት መረመረ። ወይኗ ከፈረንሳይ አገር ከቦርዶ የመጣች፣ ቀማሾች ከመቶ 96 የሰጧት ናት። የተከፈለባት ገንዘብ ደህና ፈረስ ይገዛል። ወዳጄ ቤቱ ሲደርስ ምድር ቤት ወርዶ ከሌሎቹ ጎን አጋደማት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ሄድኩና ነገሩን ለአጎቴ አጫወትኳቸው።

«መቼ ሊጠጣት ነው?» አሉኝ።

«ምናልባት ከዐሥር ዓመት በኋላ።»

አጎቴ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ጠጅ ደግሞ ይቀመጣል እንዴ? የሚቀመጠው ማር ነው እንጂ!»

እውነታቸውን ነው። ምርጥ የቦርዶ ቀይ ወይን ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚያገኘው፣ ታኒን የተባለ አፍ የሚያደርቅ ነገር አለው። ጨለማና ቀዝቃዛ በሆነ፣ ሙቀቱ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ በሆነ ቦታ ሲቀመጥ ያ ጎምዛዛነቱ በዓመታት እየለዘበ ይሄዳል። ጠርሙሱም የሚጋደመው ቡሹ ደርቆ አየር እንዳያስገባ ነው። የእኛ ጠጅ ጠባዩ ሌላ ነው። ማሩ ተበርዞ፣ ጌሾው ገብቶበት ለመፍላት ሳምንታት ይበቁታል፤ ከቆየና አየር ካገኘው ይሆመጥጣል። ማር ግን ውኃው ጥቂት ስለሆነ በደንብ ከተከደነ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ የእኛ ጓዳ የሚያከማቸው መጠጡን ሳይሆን መጠጡ የሚወጣበትን ነው።

እርግጥ ከባሕር ማዶ የወይን ጠጅ መግዛት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሶርያዋን የሎዶቅያንና የኢጣልያን ወይን ይቆጥራል፤ መጠኑ ብዙ እንዳልነበረም ይናገራል። የአገው ደጋ ድርሻ ግን ማር ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በአገው ምድር ሲያልፍ፣ ጎንደርን በማር፣ በቅቤ፣ በሰምና በከብት የሚቀልቧት አገዎች መሆናቸውን ጽፏል። ከ1,000 እስከ 1,500 ሰው በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ከተማይቱ ይጓዝ እንደነበርም ያወሳል። እንግዲህ በጎንደር ግብር ቤት ብርሌ ሲነሣ ከብርሌው ውስጥ የዚህ ደጋ አበባ ነበረበት።

ታዲያ አንባቢ ሆይ፣ ቦርዶዎች ከእኛ በምን በለጡ? በመጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 ሦስተኛው ናፖሊዮን በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ የቦርዶ ደላሎች ቀይ ወይኖቻቸውን ለረጅም ዘመን ባወጡት ዋጋ መሠረት በአምስት ደረጃ መደቡ። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ከመውጣቱ በቀር እምብዛም አልተነካም። በኋላም አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር የመቶ ነጥቡን አሰጣጥ በዓለም አስለመደ። ስም ዋጋ ሲያወጣ ሌባም አይጠፋም፤ ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለው ነጋዴ ሎስ አንጀለስ አጠገብ በሚገኘው ቤቱ ርካሽ ወይን እየቀላቀለ በታላላቅ ስሞች ሲሸጥ ተይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

በማግስቱ ዳንግላ ገበያ ወጣሁና አንዱን ማር ሻጭ «የየት ነው?» አልኩት። «የዚሁ አገር ነው» አለኝ። ቀበሌውንም ወሩንም ሳይነግረኝ መዘነልኝ። አዲስ አበባ ሲደርስማ ይህችም ስም ትጠፋለች፤ ከሌላው ማር ይደባለቃል፤ ስኳር የቀላቀለውም በእኩል ዋጋ ይሸጣል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው መሬቱን ለከሰል በሚሆን የዲከረንስ ዛፍ መሸፈኑ አይፈረድበትም፤ ከሰል ዋጋው ይታወቃል። ስም የሌለውን ማር ብሎ አበባ የሚጠብቅ ማን ነው?

ማታ አጎቴ ጓዳ ገብተው ሁለት እንስራ አሳዩኝ። «ይሄ የኅዳሩ ነው፣ የአደይ አበባ፤ ያኛው የሰኔው፣ የብሳና» አሉኝ።

«ለምን አይጻፍበትም?»

«እኔ አውቀው የለም?»

እርሳቸው ያውቁታል፤ ከእርሳቸው በኋላስ? ከኅዳሩ ቀዱልኝ። ማሰሮዋ ላይ ወረቀት ለጥፌ «እንጅባራ፣ ኅዳር» ብዬ ዓመተ ምሕረቱን ጨመርኩበት። ከወዳጄ ጠርሙስ አጠገብ ላስቀምጣት አስቤአለሁ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ «የአበባውንም ስም ጻፍበት» አሉኝ።