ኤሌክትሪክ ሠራተኛና የማያልቀው ትምህርቱ

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሙያውን ተምሮ የሚጨርሰው መቼ ነው?» ሲል ከዕጩ መምህራኖቻችን አንዱ በክፍል ውስጥ ጠየቀን። ቴክሳስ የሚኖር አጎቱ ሃያ ዓመት በሙያው ከሠራ በኋላ ዛሬም በየዓመቱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ስለ መስመር ዝርጋታ ይማራል። ወጣቱ ይህን ሲሰማ አጎቱ ሥራውን በቅጡ የማያውቅ መስሎት ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለምና ከታሪኩ ጥቂት ብናነሣ ይሻላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤዲሰን ኒው ዮርክ ላይ በፐርል ጎዳና ያቋቋመው ጣቢያ መስከረም 4 ቀን 1882 ሥራ ሲጀምር 85 ደንበኞችና 400 ያህል አምፖሎች ነበሩት። በየቤቱ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ግን በትምህርት ቤት የሠለጠነ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ገና አልነበረምና። ብዙዎቹ ከቴሌግራፍ ሥራ የመጡ ነበሩ። የቴሌግራፍ ኮረንቲ ደካማ ስለሆነ መጥፎ አያያዝን ይታገሣል፤ የመብራት ኮረንቲ ግን አይታገሥም። ላላ ብሎ የታሰረ ሽቦ ይግላል፣ በዙሪያው ያለውን ጥጥና እንጨት ያነድዳል። ስለዚህም በዚያው በ1882 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ የቴሌግራፍ መሐንዲሶችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ማኅበር የእሳት አደጋን ለመከላከል የመጀመሪያ ደንቡን አወጣ። በአሜሪካም ቢሆን ነገሩን በብርቱ የገፉት ቤት ሲቃጠል የሚከፍሉት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ናቸው። ዊልያም ሜሪል የተባለው ወጣት መሐንዲስ በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የኤሌክትሪኩን ዝርጋታ እንዲመረምር የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1897 ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ደንብ ታተመ።

ደንቡ ቤቱን ከእሳት ጠበቀ እንበል። ሠራተኛውንስ ማን ይጠብቀው? በ1891 ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ 286 አባላትን የወከሉ አሥር ሰዎች ተሰብስበው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሄንሪ ሚለር ምሰሶ ላይ እየወጣ ሽቦ የሚዘረጋ ሠራተኛ ነበር፤ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ጓደኞቹን ያደራጅ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1896 ዋሽንግተን ውስጥ በሥራ ላይ ሳለ ኮረንቲ ያዘውና ከምሰሶው ወድቆ ሞተ።

በዚያው በ1891 በፔንሲልቫንያ፣ ስክራንተን ከተማ፣ ቶማስ ፎስተር የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ የተልእኮ ትምህርት ጀመረ። ሐሳቡ የመጣው ከከሰል ማዕድን ነው። በማዕድን ጉድጓድ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሕጉ ኃላፊዎች ፈተና እንዲያልፉ አዘዘ፤ ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች የሚውል ሰው ግን ትምህርት ቤት ሊሄድ አይችልም። ፎስተር ትምህርቱን በትንንሽ መጻሕፍት አሳትሞ በፖስታ ላከለት። ተማሪው ማታ ያነባል፣ መልሱን ይልካል፣ ታርሞ ይመለስለታል። ብዙም ሳይቆይ ኤሌክትሪክ ከትምህርቶቹ አንዱ ሆነ። የዛሬው የኢንተርኔት ሥልጠና አያት ይህ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። የአሜሪካው ደንብ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ለምን? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 15 አምፔር የሚችል ፊዩዝ ሽቦውን ከመጋል ያድናል እንጂ ሰውን አያድንም፤ አንድ አሥረኛ አምፔር በልብ በኩል ቢያልፍ ሊገድል ይበቃልና። ይህን ያጠኑት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል በ1961 ዓ.ም. አንድ መሣሪያ ፈለሰፉ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በአንዱ ሽቦ የሄደው ኮረንቲ በሌላው ካልተመለሰ፣ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል፣ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነው። ልዩነቱ 5 ሚሊአምፔር ያህል ሲሆን መሣሪያው መስመሩን ይቆርጣል። ደንቡ በ1971 ለመዋኛ ገንዳ አካባቢ ሶኬት፣ በ1975 ለመታጠቢያ ቤት፣ በ1987 ለወጥ ቤት ይህን ግዴታ አደረገ። በ1960 ዓ.ም. ፈተናውን በከፍተኛ ማዕረግ ያለፈ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ከየት ያውቀዋል? ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እሱ ሲማር ነገሩ አልነበረም።

ስለዚህ በብዙዎቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ፈቃድ የሚታደሰው የተወሰነ ሰዓት ለተማረ ነው። በቴክሳስ በዓመት 4 ሰዓት ነው፤ ድሮ አዳራሽ ድረስ ተሂዶ የሚሰማውን ዛሬ ብዙዎች ቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ይከታተላሉ። በበኩላችን ይህን አንነቅፍም፤ የደንብ ለውጥ በንባብና በሥዕል ይገባል። ብሎን ምን ያህል ሲጠብቅ እንደሚበቃው ግን የሚያውቀው እጅ ብቻ ነው። እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ሙሉ ሠራተኛ ለመባል 8000 ሰዓት በባለሙያ ሥር መሥራት ግዴታ መሆኑን ለጠያቂያችን ስንነግረው ስለ አጎቱ የነበረውን ሐሳብ ቀየረ።

በማግሥቱ ማብሪያውን ከዋናው አጥፍተን፣ በቴስተርም አረጋግጠን፣ ከክፍላችን ሶኬቶች አንዱን አብረን ፈታን። ሁለቱ ሽቦዎች በሚገባ ታስረዋል። የመሬቱ ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን ግን ባዶ ነበር።