የገና ተጫዋቹ ሻምበል አበበ ቢቂላ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ፥ የይፋትን ቆላ የማሽላ ማሳ ወደ ኋላው ትቶ፥ በደብረ ሲና በኩል የጣርማ በርን አቀበት የወጣ መንገደኛ፥ የቆላው ሙቀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ በደጋ ብርድ ተተክቶ፥ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸኖ የተንጣለለውን ሰፊ ሜዳ ያገኛል። በዚሁ ደጋ፥ በጃቶ መንደር፥ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ፥ በዓለም ፊት ስሙ የተጠራው በማራቶን ቢሆንም፥ በልጅነቱ የገና ዱላ ይዞ ሩር ያሳደደ የገና ተጫዋች ነበር።

የገና ጨዋታ፥ ኖሎት የመድኃኔ ዓለምን ልደት ከመላእክት በሰሙ ጊዜ በበትራቸው የጀመሩት ነው የሚል ትውፊት ያለው፥ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው በሚራቆትበት በታኅሣሥ ወር፥ ይልቁንም በበዓለ ልደት ዕለት፥ መንደር ከመንደር የሚገጥምበት ጨዋታ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላና ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራች ሩር ከተገኙ ሌላ መሣሪያ አይሻም፤ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ የሁለቱ ወገን ግብም አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትሮች ይራራቃል። በዚያ ዕለት ሎሌው ጌታውን በቃል ቢዳፈር እንኳ ቂም አይያዝበትም።

እንግሊዞች ግን ይህን የመሰለውን የራሳቸውን ጨዋታ ሆኪ ብለው፥ በ1878 ዓ.ም. በሎንዶን ማኅበር አቁመው ሕግ ደነገጉለት፤ ሜዳው ከመቶ ሜትር ያነሰ፥ ተጫዋቹም በየወገኑ 11 ሆነ። ከእነርሱ የተማሩት ሕንዶች መምህራኑን በልጠው በኦሊምፒክ ስድስት ጊዜ በተከታታይ የወርቅ ሜዳይ ከወሰዱ በኋላ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በፓኪስታን 1 ለ 0 ተሸነፉ። የኢትዮጵያ የገና ተጫዋቾች በዚያ የሆኪ ሜዳ አልተሰለፉም፤ ነገር ግን በማግሥቱ፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፥ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ ፋሽስቶች ዘርፈው በሮማ ባቆሙት በአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ፥ የሞሮኮውን ራዲን በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስን የድል ቅስት ደረሰ።

ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የአበበን ሩጫ በሥርዓትና በሰዓት እንዳረቀው አይካድም፤ ነገር ግን ግቡ የት እንደሚያበቃ ሳይጠይቅ በቃርሚያ ማሳ ላይ ሲሮጥ የሚውል ሕፃን፥ ትንፋሽን መቆጠብንና ድካምን መናቅን ከመምህር በፊት ከሜዳው ይማራል ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። በቶኪዮም፥ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ አምስት ሳምንት ብቻ ቆይቶ፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ድሉን በመድገሙ፥ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በዚሁ በሸኖ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ቢሰንፉም፥ የውድድር መንፈሱ አልሰነፈም፤ ለሕክምና በሄደበት በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ቀስት ወረወረ፥ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በረዶ ላይ በውሾች በሚሳብ ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ፥ ሕዝቡ በአእላፍ ተሰብስቦ ሸኘው።

የሕይወቱን ታሪክ ከሮማ የሚጀምር ጸሐፊ ፍሬውን ከተመገበ በኋላ ሥሩን እንደ ዘነጋ ይቈጠራል። ሕግና ማኅበር ሳይኖረው፥ ዓለም አቀፍ ቡድንም ሳያሰልፍ፥ የገና ሜዳ በኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ያገኘ ልጅ አሳድጎአልና፥ ከስፖርት ትምህርት ቤቶቻችን ቀዳሚ ሆኖ መቈጠር ይገባዋል።