«አጥፍቼው ነበር እኮ!»

ኢንተርን ሳለን አንድ ሌሊት እጁን ማሽን ይዞት የመጣውን የወፍጮ ቤት ልጅ የምታስታውሱት አላችሁ? «አጥፍቼው ነበር እኮ!» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ቺንጋው ግን ገና እየዞረ ነበር።

የመርከብ ሰዎችም ከዚሁ ጣጣ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ሞተር ቢጠፋም መርከቧ እስክትቆም ድረስ ውሃው ራሱ ፕሮፔለሩን ያሽከረክረዋል፤ ዘንጉም አብሮ ይዞራል። በ1860 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ የወረደችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ዋሪየር በሸራ ስትሄድ፣ ፕሮፔለሩ ወደ ኋላ እንዳይጎትታት ከውሃ ይወጣ ነበር። ለዚያ መጀመሪያ ዘንጉ ቆሞ፣ ሁለቱ ክንፎች ሽቅብና ቁልቁል መሆን አለባቸው። ከዚያ 26 ቶኑን ለመሳብ እስከ 600 ሰው! (እኛ አንድ ቃሬዛ ለአራት ይዘን ስንጨቃጨቅ ነበር።)

ኋላ ተርባይን መጣ፤ ዘንጉን የሚይዝ ፍሬንም ተለመደ። ብልሃቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ፕሮፔለሩ አጠገብ ቢሆን ግዙፍ ፍሬን ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ከሚቀንሰው ማርሽ በፊት፣ ዘንጉ በኃይል በሚሽከረከርበት በኩል ያደርጉታል። እዚያ የመጠምዘዝ ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ ትንሽ ፍሬን ይበቃል።

እንዲያም ሆኖ ፍሬን ያዘ ተብሎ ብቻ እጅ አይገባም። ጥገና ካለ ዘንጉ በብረት ይቆለፋል። ያ ልጅ የነበረው ማጥፊያ ብቻ ነው።