ከማንኪያ ወደ ሚሊ ሊትር

በልኬት ታሪካችን ቁናና ጋሻ ሰፊ ገጽ ሲይዙ የእንስሳት መድኃኒት ልኬት ተዘንግቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ የሜትሪክን ሥርዓት ሕጋዊ አደረገ፤ ማንኪያው ግን ከጓዳ አልወጣም። በሐብሩ ወረዳ፣ ግራና ላይ፣ ፍየሉን መድኃኒት ለሚያጠጣ አርቢ ሁለቱ ሥርዓቶች ዛሬም በአንድ ጠርሙስ ይገናኛሉ። ስለዚህ የጠርሙሱን ጽሑፍ እኔ ከአዋጁ እኩል የታሪክ ሰነድ አደርገዋለሁ።

የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይባላል (የጓዳው ማንኪያ ሁሉ እኩል ባይሆንም)። ልወጣው ግን በዚህ አያበቃም። 20 ኪሎ ለምትመዝን ፍየል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ከታዘዘ 100 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ይህም ከ2.5 በመቶው ፈሳሽ 4 ሚሊ ሊትር፣ ከ10 በመቶው ግን 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ከኋለኛው አንድ ማንኪያ ሙሉ የጠጣች ፍየል 500 ሚሊ ግራም ወሰደች ማለት ነው፤ በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ ከሆነች ጉዳቱ ለጽንሷ ይተርፋል።