ሙዚቃዊ ስልት

«ሙዚቃዊ ስልት» የፒያኖ ተጫዋቹ፣ ድምፃዊውና አቀናባሪው ግርማ በየነ የደረሰው፣ ዋልያስ ባንድ የተጫወተው ግጥም የሌለው የጭፈራ ሙዚቃ ነው። በሸክላ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ካይፋ ሪከርድስ ባሳተመው «ቸ በለው» አልበም ውስጥ ነበር። ቤዙና ድራሙ በፈንክ ምት ሳይታክቱ ሲመላለሱ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ በባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራውን ዜማ በኅብረት ያነሳሉ። አንድም ቃል ሳይኖረው እንዲህ የታወቀ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ጥቂት ነው።

በአልበሙ ላይ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ማህሙድ አማን ጊታር ተጫውተዋል። ዋልያስ በሆቴል ሥር ያልታቀፈ፣ መሣሪያውም የራሱ የሆነ ባንድ ነበር፤ ነፃነቱ በአጨዋወቱም ይሰማል።

ዓመቱ ግን ለጭፈራ የሚመች አልነበረም። አዲስ አበባ በቀይ ሽብርና በሰዓት እላፊ ተጨንቃ ነበር። በምሥራቅ ጦርነት ተነስቶ ጅግጅጋ በዚያው ዓመት መስከረም በሶማሊያ ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ የተመለሰችውም እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ወራት ነው። በሂልተን ሆቴል ዋልያስን ሊሰሙ የገቡ ሰዎች ሰዓት እላፊው መንገድ ስለሚዘጋባቸው ሲጨፍሩ ያድሩ ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያድራል። የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚያልፍበት ዘመን ይህ ዜማ የሚመረመር ስንኝ አልነበረውም። ከድንበሩ ማዶም፣ በሞቃዲሾ፣ እንደ ዱር ዱር ያሉ ባንዶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶማሊኛን ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ከፈንክና ከዲስኮ ጋር አዋሕደዋል። በጅግጅጋ ሜዳ የተዋጉት ሁለቱ አገሮች በመድረክ ላይ ይህን ያህል መቀራረባቸው ከሚነገርለት በላይ ሊነገርለት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲጫወት ግርማ፣ ኃይሉ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ግርማ ለረጅም ዘመን ከመድረክ ራቀ። ዜማው ግን ያለ ደራሲው ተጓዘ። የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው አልበም ተጫወተው፤ «ቸ በለው»ም እ.ኤ.አ. በ2014 በድጋሚ ታተመ። ዜማውን የሚያውቁት ብዙዎች የግርማን ስም አለማወቃቸው ያሳዝናል፤ ከራሱ ዘፈኖች ይልቅ ለሌሎች ድምፃውያን ባቀናበራቸው ሥራዎች የደከመ ሰው ነውና። እሱ ራሱ ወደ ስቱዲዮ የተመለሰው ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ነው፤ አልበማቸውም እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮፒክስ ተከታታይ 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ።