ስሙን ያጣ ቁጥቋጦ፤ የአሳም ሻይ የተለየበት ታሪክ

አንድን ዕፅ በስሙ መጥራት ቀላል ነገር ይመስላል። ገበሬው የማሳውን አረም፣ እረኛውም የመስኩን እሾህ በየስሙ ለይቶ ያውቃል። ይሁንና አንድን ዕፅ ሊቃውንት በተስማሙበት መዝገብ ውስጥ በተገቢው ወገንና ዝርያ ሥር ማስፈር ብዙ ድካም፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ክርክር የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስሕተት ሲፈጸምም ጉዳቱ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ ገንዘብን፣ መሬትንና የሰውን ኑሮ ጭምር ይነካል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በብራህማፑትራ ወንዝ ሸለቆ፣ በአሳም ደን ውስጥ የበቀለው የሻይ ቁጥቋጦ ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 ዓ.ም. ባሳተመው የዕፅዋት ዝርያዎች መጽሐፍ ለሻይ «ቴአ ሲኔንሲስ»፣ ማለትም «የቻይና ሻይ» የሚል የላቲን ስም ሰጠው። በአበባው ውበት የታወቀውን ሌላውን የሩቅ ምሥራቅ ቁጥቋጦ ደግሞ «ካሜሊያ» ብሎ በተለየ ወገን መደበው። በ1762 ዓ.ም. ባወጣው ሁለተኛ እትም ሻይን ራሱን ለሁለት ከፈለው፤ የአበባው ቅጠሎች ስድስት የሆኑትን «ቴአ ቦሄአ»፣ ዘጠኝ የሆኑትን «ቴአ ቪሪዲስ» አላቸው። ጥቁር ሻይ ከመጀመሪያው፣ አረንጓዴ ሻይ ከሁለተኛው እንደሚገኝም በሰፊው ታመነ። ሊኒየስ ግን እውነተኛውን የሻይ ተክል በሕይወቱ ለማየት የበቃው ከዚህ በኋላ፣ በ1763 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት ሻይ ነው ተብሎ የተሰጠው ተክል ባበበ ጊዜ ካሜሊያ ሆኖ ተገኝቶበታል። እንግዲህ ሁለቱን ዕፅዋት ማምታታት የተጀመረው ገና ከመሠረቱ ነው።

በ1823 ዓ.ም. ሮበርት ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነጋዴ ወደ አሳም ዘልቆ ከሲንግፎ ሕዝብ አለቃ ከቢሳ ጋም ጋር ተገናኘ። መንገዱን ያመለከተው የአሳም ተወላጅ የሆነው ማኒራም ደዋን እንደነበረ ይነገራል። ሲንግፎዎች የዚህን የደን ተክል ቅጠል እየቆሉ፣ በፀሐይ እያደረቁና በቀርከሃ ቱቦ እየጠቀጠቁ በጢስ አቆይተው ያፈሉት ነበር። ለእነርሱ ተክሉ ስምም ጥቅምም ነበረው። ሮበርት ብዙም ሳይቆይ ሲሞት ጉዳዩን ወንድሙ ቻርለስ ያዘው፤ ከተክሉም ናሙና በእንግሊዝ ሹም በዴቪድ ስኮት በኩል ወደ ካልካታ ተላከ።

የካልካታ የዕፅዋት አትክልት ቦታ ኃላፊ ዴንማርካዊው ሊቅ ናትናኤል ዎሊች ነበር። የተላከለትን ተመልክቶ ካሜሊያ እንጂ ሻይ አይደለም ሲል ፈረደ። በ1831 ዓ.ም. የመቶ አለቃ አንድሩ ቻርልተን ከሳዲያ አካባቢ የላካቸው ተክሎችም ተቀባይነት ሳያገኙ ቀሩ። ዎሊች ሰነፍ ወይም አላዋቂ አልነበረም፤ በሺህ የሚቆጠሩ የእስያ ዕፅዋትን ለይቶ የመዘገበ ሰው ነው። ችግሩ ከነገሩ ባሕርይ የመጣ ነበር። የሻይና የካሜሊያ ቅጠሎች ሁለቱም ወፍራምና አንጸባራቂ፣ ጠርዛቸውም እንደ መጋዝ የተተፈተፈ ነው፤ ፍሬያቸውም ይመሳሰላል። አስተማማኙ መለያ የሚገኘው በአበባው ላይ ነው። የሻይ አበባ በአጭር አገዳ ላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታያል፤ እምቡጡን ይሸፍኑ የነበሩት አረንጓዴ ልባሶችም ፍሬው እስኪበስል ድረስ አይረግፉም። በአትክልት ቦታ የታወቀው የጃፓን ካሜሊያ አበባ ግን አገዳ የሌለው፣ ልባሶቹም የሚረግፉ ናቸው። በዚህ ላይ ሻይ የቻይና ተክል ነው የሚለው እምነት ሥር ሰዶ ስለነበረ፣ በሌላ አገር ደን ተገኘ የሚለውን ወሬ በጥርጣሬ መመልከት የሊቅነት ጥንቃቄ ይመስል ነበር።

ነገሩን የለወጠው የንግድ ግዴታ ነው። በ1833 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የቻይናን ንግድ በብቸኝነት የመያዝ መብቱን አጣ። በ1834 ዓ.ም. መጀመሪያ የሕንድ ጠቅላይ ገዥ ሎርድ ዊልያም ቤንቲንክ የሻይ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ጎርደንም ዘር እንዲያመጣ ወደ ቻይና ተላከ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቻርልተን በሻምበል ፍራንሲስ ጀንኪንስ አማካይነት ፍሬና ቅጠል ያለው ናሙና ደግሞ ላከ። ኮሚቴውም በታኅሣሥ 24 ቀን ሻይ በላይኛው አሳም የአገሩ ተወላጅ ተክል መሆኑን ያለ ጥርጥር አረጋገጠ። ከመጀመሪያው ጥቆማ እስከዚህ ቀን ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎ ነበር።

ሆኖም ስሙ ቢታወቅም ክብሩ አልተመለሰለትም። ጎርደን እንዲመለስ ከታዘዘ በኋላ፣ የዱር ተክል በእጅ ከለማው ያንሳል በሚል ሐሳብ ዘር እንዲያመጣ እንደገና ታዘዘ። በ1835 ዓ.ም. ዎሊች፣ የዕፅዋት ሊቁ ዊልያም ግሪፊዝና የሥነ ምድር ሊቁ ጆን ማክሌላንድ ወደ አሳም ተጉዘው ተክሉን በበቀለበት ደን አዩት። ይህም ሁሉ ሆኖ ከቻይና ዘር በካልካታ የበቀሉ 42,000 ያህል ችግኞች ለአሳም፣ ለሂማላያ ግርጌና ለደቡብ ሕንድ ተከፋፈሉ። ወደ አሳም ከሄዱት ብዙዎቹ ሞቱ። የተረፉትም ሌላ ጣጣ አመጡ፤ የሻይ አበባ በአብዛኛው የሚያፈራው ከሌላ ዛፍ በሚመጣ ብናኝ ስለሆነ፣ ሁለቱ ዓይነቶች በየእርሻው ተዳቀሉ። የቻይናው ዓይነት ብርዱን በሚችልበት በዳርጂሊንግ ከፍታ ሲሳካለት፣ በሞቃቱና በርጥቡ የአሳም ቆላ ግን ብልጫው የተወላጁ እንደሆነ አትክልተኞች በኪሣራ ተማሩት። ለንደን ውስጥ በጥር 1839 ዓ.ም. በሐራጅ የተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሣጥኖች የተዘጋጁት ከዚሁ ከደኑ ተክል ቅጠል ነበር።

የሊቃውንቱም መዝገብ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። በ1840ዎቹ ሮበርት ፎርቹን ቻይና ውስጥ ተዘዋውሮ ጥቁርና አረንጓዴ ሻይ ከአንድ ተክል እንደሚገኙ፣ ልዩነቱም የአዘገጃጀት እንደሆነ አሳየ። በ1844 ዓ.ም. ማስተርስ የአሳሙን ተክል «ቴአ አሳሚካ» ብሎ ሰየመው። ጀርመናዊው ኦቶ ኩንትዘ በ1887 ዓ.ም. ሻይን «ካሜሊያ ሲኔንሲስ» አለው፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓናዊው ኪታሙራ የአሳሙን የዚሁ ዝርያ አንድ ዓይነት አድርጎ መደበው። እንግዲህ ሻይ ራሱ በካሜሊያ ወገን ውስጥ ገባ። ዎሊች ተክሉን ካሜሊያ ማለቱ በዛሬው አመዳደብ ስሕተት አይባልም፤ የተሳሳተው ሻይ አይደለም በማለቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የዘር ቅንጣት ጥናትም የሕንዱ የአሳም ሻይ ከቻይናው ተለይቶ ለብቻው የለማ መሆኑን አመልክቷል።

ስሙ ሲቀና ግን ጥቅሙ ለጠቋሚዎቹ አልደረሰም። ሻይ መሆኑ እንደተረጋገጠ ደኑ የኩባንያዎች እርሻ ሆነ፤ የሲንግፎዎችም መሬት ከእጃቸው ወጣ። የራሱን የሻይ እርሻ ያቋቋመው ማኒራም ደዋን በ1857ቱ ዐመፅ ተካፍለሃል ተብሎ በ1858 ዓ.ም. ተሰቀለ።

ሊኒየስ ሻይን «የቻይና» ባለበት በዚያው በ1753ቱ መጽሐፍ የኢትዮጵያን ደን ቡና «የዓረብ» ብሎ እንደሰየመው ሲታወስ፣ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ቅርብ ይሆናል። ስም የሚወጣው ዕፁ ከተገኘበት ገበያ ወይም ወደብ ሊሆን ይችላል። የዕፁን አገርና ጠባይ የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ በደኑ አጠገብ የሚኖረው ሰው ነው። ናሙና ከመመርመር ጋር ያንን ሰው መጠየቅ የምርመራው አንድ ክፍል ቢሆን ኖሮ፣ የአሳም ሻይ ስሙን ለማግኘት ዐሥራ አንድ ዓመት ባልጠበቀ ነበር።